የአኳሪየማችሁ ፒኤች አልወርድ ሲል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ቤታቸው ውስጥ አኳሪየም ላላቸው፣ በተለይም ከዓሣው ጋር እውነተኛ ተክል ላለሙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የውሃው ፒኤች ለምን ከፍ ይላል? ከፍ ሲልስ ምን ይደረጋል? ጥቂት ቁጥሮች ስለምጠራ ወረቀትና እስክሪብቶ ብታቀርቡ ጥሩ ነው።

ችግሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አኳሪየሙ ከተቋቋመ ሁለት ሦስት ወር ሆኖታል። ዓሦቹ ደህና ናቸው፤ ተክሉ ግን እንደተተከለ ቀርቷል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ነው፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ውሃው ሲለካ 8.2 ወይም 8.4 ይወጣል። ባለቤቱ ይደነግጥና ፒኤች የሚቀንስ ፈሳሽ ገዝቶ ይጨምራል። ማታ ቁጥሩ ወደ 7 ይወርዳል፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ 8 ላይ ይቀመጣል። እንደገና ይጨመራል፣ እንደገና ይመለሳል። እንዲህ ሲባል ሰንብቶ ዓሣ መሞት ይጀምራል። እኔ እንደማምነው በአብዛኛው ዓሣውን የሚጎዳው 8.2 የሚለው ቁጥር አይደለም፤ በየቀኑ መውጣትና መውረዱ ነው።

ፒኤች አንድ ውሃ ምን ያህል አሲድ ወይም ምን ያህል አልካላይን እንደሆነ የምንለካበት ሚዛን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ሲሠራ ያስተዋወቀው ነው። 7 መሃሉ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር እያንዳንዱ እርከን የ10 እጥፍ ልዩነት መሆኑ ነው። ውሃው ከ8 ወደ 7 ወረደ ማለት የአሲድነቱ መጠን 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ዓሣ በአንድ ሌሊት እንዲህ ያለውን ለውጥ በአሲድ ተገዶ ሲያይ ይጨነቃል፤ ክንፉን ሰብስቦ ጥግ ይይዛል፣ መብላት ያቆማል።

ከፍ ያለ ፒኤች እንደ ትኩሳት ነው። ሐኪም ቴርሞሜትሩን አይቶ ብቻ መድኃኒት እንደማያዝዝ ሁሉ እኛም ቁጥሩን ለማውረድ ከመሮጣችን በፊት ምን እንዳወጣው ማወቅ አለብን።

ቁጥሩን ከኋላ ሆኖ የሚይዘው ባይካርቦኔት የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ዝናብ በድንጋይና በአፈር ውስጥ አልፎ ከመሬት በታች ሲጠራቀም ይዞት የሚመጣው ነው። በአኳሪየም ሥራ መጠኑ ኬኤች በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ አንዱ ዲግሪ በሊትር ወደ 18 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ያህል ነው። ባይካርቦኔት ብዙ ሲሆን ፒኤች ወደ ላይ ይሳባል። በውሃው ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ወደ ታች ይስበዋል። የምታዩት ቁጥር የእነዚህ የሁለቱ ሚዛን ነው።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ግዙ። እንደተከፈተ፣ ገና እየፈላ እያለ ለኩት፤ ከ7 በታች፣ አሲድ ነው። ከዚያ ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጡትና እስከ ነገ ይደር። ጠዋት ጋዙ ጠፍቷል፤ ደግማችሁ ስትለኩት ከ7 በላይ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ምንም የጨመራችሁበት ነገር የለም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ አየር ሄደ፣ ባይካርቦኔቱ ቀረ፣ ቁጥሩ ተነሣ። አሲድ ጨምራችሁ ያወረዳችሁት የአኳሪየም ውሃ በማግስቱ ወደ ላይ የሚመለሰው በዚሁ መንገድ ነው። አሲዱ ከባይካርቦኔቱ ከፊሉን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ለጊዜው ፒኤች ይወርዳል፤ ጋዙ በፊልተሩ እንቅስቃሴ ሲወጣ ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ቦታ ይጠጋል። አደራ፣ አምቦውን አኳሪየም ውስጥ እንዳትጨምሩት፤ የምንሸሸው ባይካርቦኔት በብዛት ያለበት ውሃ ነው።

አሁን እስክሪብቶውን አንሡ። የተክል አኳሪየም ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የኬኤችን ዲግሪ በ3 አባዙ። ፒኤች 7 ከሆነ ያ ውጤት በሊትር ስንት ሚሊግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለ በግምት ይነግራችኋል። ፒኤች 8 ከሆነ ውጤቱን ለ10 አካፍሉ። ለምሳሌ ኬኤች 10፣ ፒኤች 8 ብንል፣ 10 በ3 ሲባዛ 30፣ ለ10 ሲካፈል 3 ሚሊግራም። ይህ ትንሽ መጠን ነው። ለተክል በጣም አነስተኛ ነው። ተክላችሁ አላድግ ያለው ለዚህ ነው፤ ፒኤች 8 ስላቃጠለው ሳይሆን የሚበላው ካርቦን ስለሌለው።

ይኸው ስሌት ሌላ ነገር ይነግረናል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያው 3 ሚሊግራም ሆኖ ፒኤች ከ8 ወደ 7 ወርዶ እንዲቆይ ቢፈለግ፣ ኬኤች ከ10 ወደ 1 መውረድ ይኖርበታል። ማለትም በጠርሙሱ አሲድ ከባይካርቦኔቱ 10 እጅ 9ኙን ማጥፋት አለባችሁ። ያን ብታደርጉ ደግሞ ውሃው መከላከያ ያጣል፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣው ጥቂት አሲድ ብቻ ቁጥሩን ወደ 6፣ ወደ 5 ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በአኳሪየም ውስጥ ፒኤች መቀነሻ ጠርሙስ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው አይገባም ባይ ነኝ። ፎስፌት ያለበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ አልጌ ይመግባል። አቼቶና ሎሚም ከዚህ አይለዩም፤ ቁጥሩ ይመለሳል፣ በላዩ ላይ ባክቴሪያ እነሱን ሲበላ የዓሣውን ኦክስጅን ይሻማል።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ምንጩን እንፈልግ። ሦስት ብርጭቆ ይበቃናል። በአንደኛው ከቧንቧ አሁን የተቀዳ ውሃ፣ በሁለተኛው ከአንድ ቀን በፊት ተቀድቶ ክፍት ሆኖ ያደረና አልፎ አልፎ የተማሰለ የቧንቧ ውሃ፣ በሦስተኛው የአኳሪየሙ ውሃ። የሦስቱንም ፒኤችና ኬኤች ለኩና ጻፉ።

ስለ መለኪያው ጥቂት ልበል፤ ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ርካሹ የጠብታ መመርመሪያ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7.6 ብቻ ነው የሚለካው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ያው ሰማያዊ ነው፤ 7.6 ነው ብላችሁ የጻፋችሁት 8.5 ሊሆን ይችላል። ከፍተኛውን ክልል የሚለካውን ዓይነት ጠይቁ። በባትሪ የሚሠራው እስክሪብቶ መሳይ መለኪያ ካላችሁ በ7 እና በ10 መለኪያ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ ጫፉም እንዳይደርቅ። ኬኤች መለካት ቀላል ነው፦ 5 ሚሊሊትር ውሃ በመመርመሪያው ቱቦ ትይዛላችሁ፣ አንድ ጠብታ ታደርጋላችሁ፣ ትነቀንቃላችሁ፣ ሰማያዊው ወደ ቢጫ እስኪለወጥ ጠብታ ትቆጥራላችሁ። በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች አንድ ጠብታ አንድ ዲግሪ ነው።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። ያደረው የቧንቧ ውሃና የአኳሪየሙ ውሃ እኩል ከሆኑ፣ አኳሪየማችሁ ምንም አላጠፋም፤ ውሃችሁ ተፈጥሮው ነው። አሁን የተቀዳው 7.2፣ ያደረው 8 ቢሆን አትደነቁ፤ ከመሬት ውስጥ በግፊት የመጣ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ስለሚወጣ ነው፣ እንደ አምቦው። የአኳሪየሙ ፒኤችም ኬኤችም ካደረው ውሃ ከበለጡ፣ ከውስጥ የሚሟሟ ነገር አለ፤ ድንጋይ፣ አሸዋ ወይም ዛጎል። ፒኤቹ በልጦ ኬኤቹ ግን እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ፣ ሥራው የተክሎቹ ነው። ይህችን ሦስተኛዋን ብዙ ሰው አያውቃትም።

ከድንጋዩ እንጀምር። የተጠረጠረውን ድንጋይ አውጥታችሁ አድርቁና አቼቶ ጣል አድርጉበት። ጆሯችሁን ብታስጠጉ ጭስስ የሚል ድምፅ፣ ስታዩት ጥቃቅን አረፋ ካለ የኖራ ድንጋይ፣ እምነ በረድ ወይም የዛጎል ዘር ነው። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ አንዳንዱን ያመልጠዋል። ስለዚህ ድንጋዩን በዝናብ ውሃ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ለአንድ ሳምንት አቆዩትና ኬኤቹን መጀመሪያና መጨረሻ ለኩ። ኬኤቹ ከፍ ካለ ድንጋዩ ከአኳሪየሙ ይውጣ። መቀሌና ድሬዳዋ አካባቢ ያለው ነጣ ያለ ድንጋይ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። የአዲስ አበባው ጥቁር ድንጋይ ግን ከእሳተ ገሞራ የመጣ ባሳልት ስለሆነ አያሰጋም። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ለሽርሽር ሄዳችሁ ያመጣችሁትን አሸዋ አጉልታችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ስብርባሪ አለበት። በሲሚንቶ የተሠራ ጌጥ፣ ዋሻ፣ ድልድይም ተጠያቂ ነው። አዲስ ሲሚንቶ የሚለቀው ኖራ ፒኤችን ከ11 በላይ ሊያወጣ ይችላል። በግቢያችሁ አዲስ የተሠራ የሲሚንቶ ውሃ ማጠራቀሚያ ካለ፣ ከዚያ የሚቀዳውን ውሃ ከቧንቧው ጋር አነጻጽሩ።

የቧንቧው ውሃ ከሆነ ደግሞ አካባቢያችሁን ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የገጸ ምድር ውሃ፣ ከአቃቂ በኩል ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ታገኛለች። የጉድጓዱ ውሃ ከግድቡ የበለጠ ባይካርቦኔት ይይዛል። ስለዚህ በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ምንጩ ከተቀያየረ የአኳሪየማችሁም ቁጥር ይቀያየራል፤ ውሃ በምትቀይሩበት ቀን ኬኤች መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ፤ እሱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሆኖም የማንቆርቆሪያው ምልክት በሁሉም ቦታ አይሠራም። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በባቱና በሐዋሳ አካባቢ፣ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ሳሙና በደንብ ያረፋል፣ ማንቆርቆሪያም ብዙ አይጋገርበትም፣ ውሃው ለስላሳ ይመስላል፤ ኬኤቹ ግን ከፍተኛ ነው። እዚያ ያላችሁ መለኪያውን ብቻ እመኑ።

ተክሉ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ተክል ብርሃን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ ጋዙ ሲያልቅ ፒኤች ይወጣል። ማታ ተክሉም ዓሣውም ይተነፍሳሉ፤ ፒኤች ይወርዳል። ስለዚህ ማለዳ 1 ሰዓት፣ መብራት ሳይበራ፣ እና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለኩ። ጠዋት 7.5፣ ከሰዓት 8.1 ቢሆን በደንብ የሚያድግ ተክል አላችሁ ማለት ነው። የሚያሳስበው ልዩነቱ ከአንድ እርከን ሲያልፍ ነው። ቫሊስኔሪያ፣ ኤሎዲያና ሴራቶፊለም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲያልቅ ወደ ባይካርቦኔቱ ይዞራሉ። ያኔ ኬኤች ይቀንሳል፣ ፒኤች ግን በጠንካራ ብርሃን ከ9 ሊያልፍ ይችላል። ቅጠላቸውን በጣታችሁ ብትዳብሱት እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚሻክር ነጭ ነገር ይገኝበታል፤ ከውሃው የተለየ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። መድኃኒቱ መብራቱን በቀን ወደ 7 ወይም 8 ሰዓት መቀነስ፣ ተክሉን ማሳሳት፣ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ መስጠት ነው። የከረከማችሁትን ደግሞ አድርቃችሁ ጣሉት እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ እንዳታደርሱት፤ ጣና በእምቦጭ ያየውን ሁላችንም እናውቃለን።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ከአየሩ ወደ ውሃው የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ፒኤቹም በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ጥቂት ናት፤ ግን ቁጥራችሁ የውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ከምታነቡት ጋር አልገጥም ሲል አትጨነቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ምንጩ ታወቀ እንበል። ድንጋዩ ከወጣ፣ በየሳምንቱ 20 በመቶ ውሃ በመቀየር ራሱ ይስተካከላል። የቧንቧው ውሃ ከሆነ ኬኤችን በማቅጠን ነው የሚወርደው። የክረምት ዝናብ ለዚህ ትልቅ ሀብት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የመጀመሪያው ዶፍ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ በንጹሕ ባልዲ ተቀበሉና በጄሪካን አስቀምጡ። አዲስ ቆርቆሮ ዚንክ ስለሚለቅ፣ በተለይ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ላላቸው ከቆርቆሮ የወረደ ውሃ አይሆንም፤ ሜዳ ላይ በተዘረጋ ንጹሕ ላስቲክ ተቀበሉ። ኬኤች 12 የሆነ የቧንቧ ውሃ በእኩል መጠን ከዝናብ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 6 ይሆናል። የዝናብ ውሃን ብቻውን አትጠቀሙ፤ ከ3 ዲግሪ በታች ባትወርዱ እመክራለሁ። ዝናብ በማይኖርበት ወራት ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያላቸው ሰዎች ያንኑ ሥራ ይሠሩበታል። የታሸገ ውሃ የምትገዙ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የባይካርቦኔት መጠን አንብቡ፤ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው በጣም ይለያያል። ለትንሽ አኳሪየም ውሃ አፍልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ዝቃጩን ትቶ መጠቀምም ኬኤችን ይቀንሳል፤ ይህ ግን የሚሠራው ማንቆርቆሪያ የሚጋግረው ዓይነት ውሃ ላይ ነው፣ በስምጥ ሸለቆው ሶዲየም ውሃ ላይ አይሠራም።

እውነቱን ለመናገር ኬኤችን በግማሽ ስትቀንሱ ፒኤች የሚወርደው በ0.3 ብቻ ነው፤ ከ8.2 ወደ 7.9። ፒኤችን ከልብ የሚያወርደው፣ ተክሉንም የሚያሳድገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኬኤች 6 ላይ በሊትር 20 ሚሊግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢኖር ፒኤች 7 አካባቢ ይቆማል፤ ባይካርቦኔቱም ሳይነካ በቦታው ይቀራል። በሲሊንደር መስጠት ውድ ነው። በሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ስኳር፣ ውሃና ጥቂት የዳቦ እርሾ አድርጎ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው መላክ ለትንሽ አኳሪየም ይበቃል። እርሾ ማታም አይተኛምና ጠዋት ዓሦቹ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ቢያንጋጥጡ ጋዙ በዝቷልና ቱቦውን አውጡ፣ የአየር ፓምፑን ክፈቱ። በሊትር 30 ሚሊግራም ጣሪያው ይሁን። በውሃ ውስጥ የከረመ የእንጨት ጉቶም ጥቂት አሲድ ይለቃል፤ ኬኤች ከፍ ባለበት ግን ብዙ አትጠብቁበት።

ቅጠሉ ቢጫ የሆነው የካርቦን ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ፒኤች ከፍ ባለ ውሃ ብረት ይዘቅጣል፤ ተክሉ አጠገቡ ሆኖ አያገኘውም። አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ የሚሆነው ለዚህ ነው። በኢዲቲኤ የታሰረ የብረት ማዳበሪያ ከ7 በላይ ቶሎ ይበላሻል፤ በዲቲፒኤ የታሰረው እስከ 7.5 ገደማ ይቋቋማል። ማዳበሪያ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ።

አሁን ሁሉም ሰው ይህን ሁሉ ማድረግ አለበት ወይ? የለበትም። ጉፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲና ሶርድቴል ካላችሁ ፒኤች 8 ምቾታቸው ነው። የእኛው ቆሮሶ ከ8 በላይ ፒኤች ባላቸው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውስጥ ይኖራል። ከተክልም አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ቫሊስኔሪያ በዚህ ውሃ ያድጋሉ። ኒዮን ቴትራና ዲስከስ ከአማዞን የመጡ፣ ለስላሳ ውሃ የሚወዱ ናቸው፤ ውሃችሁ ኬኤች 14 ከሆነ እነሱን ባትገዙ ይሻላል።

አንድ አደጋ ግን ሳልናገር ብለያችሁ ያሳዝነኛል፤ አሞኒያ ነው። ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚመጣ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ ወደ 5 በመቶ፣ 9 ላይ ወደ 36 በመቶ ይደርሳል። አዲስ አኳሪየም፣ ከፍ ያለ ፒኤችና ብዙ ምግብ አንድ ላይ ሲገናኙ በአንድ ቀን ዓሣ ይጨርሳሉ። ስለዚህ ፒኤቻችሁ 8 ከሆነ ከሁሉ በፊት አሞኒያ ለኩ። ዜሮ ካልሆነ ምግብ አቁሙ፣ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ቀይሩ፤ ስለ ፒኤቹ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ፒኤች መቀነሻ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ በዚያው ገንዘብ የኬኤች መመርመሪያ ግዙ። ዛሬ ማታ አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ ቀድታችሁ ክፍት አሳድሩ። ነገ ማለዳ መብራቱ ሳይበራ ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር ለኩና ቁጥሮቹን ጻፉ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)